ብርዱ ነው ወይስ እኔ

ያን ቀን ሸዋ ሮቢት፣ በሰይድ ቪዲዮ ቤት ጣሪያ ላይና ከሥሩ የነበርነው እነዚህ ነን። ጋሽ ወንድይፍራው፣ የሳተላይት ተቀባዩ ሠሪ። ሰይድ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤትና የሳተላይት ሳህን ነጋዴ። የሱፍ፣ የሰይድ ወንድም ልጅ፣ ቴሌቪዥኑን የሚቆጣጠረው። ወይዘሮ ፋጡማ፣ የሰይድ እናት፤ መሰላሉ ሥር ቆመው ውሃ ያቀብሉን ነበር። ጌታነህ፣ ከመንዝ መሐል ሜዳ ያወረደን የአይሱዙ ሾፌር፤ ጣሪያው አይችለኝም ብሎ መሰላሉ አጋማሽ ላይ ቆሞ ነበር። ስድስተኛው እኔ ነኝ፣ ደምሴ።

ስም በስም የጻፍኩት በመጨረሻ የምጠይቀው ነገር ስላለ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ሞተዋል። የሞቱት እዚያው ሸዋ ሮቢት ነው፣ በወባ። ወሬው መሐል ሜዳ የደረሰው ከአስከሬኑ ጋር ስለነበር፣ እንደ ወጉ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ መርዶ የሚነግር አልተገኘም። የጌታነህ አይሱዙ በጋሽ ወንድይፍራው ባለቤት በእትዬ አስካለ ደጅ ቆመ። ሰይድ በስስ ሸሚዝ ከጋቢናው ወረደ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ያዩት የሱን መንቀጥቀጥ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ብርዱ ነው?» አሉት።

«ብርዱ ነው፣ እትዬ» አለ።

ከዚያ ከኋላው ያለውን አዩ።

ለቅሶው ላይ እኔ ድንኳኑን እወጥር ነበር። አንደኛው ካስማ መሬቱን አልያዘም ነበርና እሱን አስተካከልኩ። ሌላ ብዙ ነገር አላስታውስም።

ጋሽ ወንድይፍራውን ያወቅኋቸው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አዲስ አበባ አጠገብ በሚገኝ የሳተላይት የምድር ጣቢያ ለብዙ ዘመን በቴክኒሻንነት ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። እኔ ገበያው አጠገብ በአንዲት ክፍል ራዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸውን እየፈታሁ ነው የተማርኩት። አንድ የገበያ ቀን የክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆመው አዳመጡ።

«ይህን ራዲዮ እንዲህ የምታስጮኸው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ጣቢያው ሩቅ ነው ጋሼ። አይሰማም።»

«ድምፁን ስታሳድግ ሹሹታውንም አብረህ እያሳደግከው ነው። መጀመሪያ ሹሹታውን ዝም አሰኝ፤ ጣቢያው ራሱ ይመጣል።»

ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እዚያችው ወንበር ላይ ነበሩ።

ይሠሩት የነበረው በሳህኑ ፊት የሚንጠለጠለውን ተቀባይ ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ ኤል ኤን ቢ የሚለውን። ሰይድ የተበላሹትን ከመርካቶ እየሰበሰበ ያመጣላቸዋል። እሳቸው ክዳኑን ይከፍታሉ፣ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር አውጥተው ሌላ ይተካሉ፣ ከዚያ ከጎኑ ያለችውን የመዳብ ቅጠል በምላጭ እየላጩ ወይም በመበየጃ ካውያ እየጨመሩባት ያስተካክላሉ። የሚላጨው ነገር ከጥፍር ቁራጭ ያንሳል። አንዷን ቅጠል ብቻ ሲያስተካክሉ ጀምበር ታዘቀዝቃለች።

ስለ መጀመሪያው ትራንዚስተር ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦ «ከሰማይ የሚመጣው ድምፅ ደካማ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። እሱ የራሱን ጩኸት ከጨመረበት፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ያንኑ ጩኸት ያጎላሉ። መርዶ ነጋሪው ሰክሮ ከመጣ ለቀስተኛው ምን ያድርግ?»

የሚለኩበት መንገድ ከሁሉም በላይ ይታወሰኛል። ተቀባዩን ወደ ጥርት ያለ ሰማይ ያዞሩታል፤ የቴስተሩ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ መርፌ ይወርዳል። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው የተቀባዩን አፍ ይጋርዱታል፤ መርፌው ይነሣል።

«ሙቀት ያለው ሁሉ ይጮኻል» ይሉኝ ነበር። «ድንጋዩም፣ በጉም፣ አንተም። ሰማዩ ቀዝቃዛ ነው፣ እጄ ሙቅ ነው። ይህን ልዩነት አጥርቶ ካሳየህ ተቀባዩ ዝምተኛ ነው። የራሱ ጩኸት ከበዛ ግን ሰማዩና እጄ አንድ ይሆኑበታል።»

ይህ ነገር ልማድ ሆኖባቸው ሲያወሩም መዳፋቸውን ወደ ላይ ይዘረጉ ነበር። የቀበሌውን ሊቀመንበር ግን ነገሩ አልጣመውም። አንድ ቀን ሳህኑን ዞሮ ዞሮ ተመለከተና «በዚህ የሚነጋገሩት ከማን ጋር ነው?» አላቸው።

«እኔ አልናገርም። እሰማለሁ።»

«ማንን?»

«ለጊዜው የምሰማው ራሴን ነው። እሱን ዝም ካሰኘሁ በኋላ እነግርሃለሁ።»

ሰውየው ከመጣበት ጊዜ ይልቅ ተጠራጥሮ ሄደ።

የተቀባዩን አፍ የሚሸፍነው ክዳን ላይ ጤዛና ካፊያ ሲያርፍ ምስሉ ይደክማል። ጋሽ ወንድይፍራው ለዚህ የበግ ሞራ ይቀቡት ነበር፤ ውሃው ሳይጣበቅ ይንሸራተታል። በዐቢይ ጾም ጎረቤታቸው መምሬ ኃይሉ ሲቀቡ ደረሱባቸው።

«በሁዳዴ ሞራ?» አሉ መምሬ።

«እኔ አልቀምሰው መምሬ። የሚቀባው እኮ ሳህኑ ነው።»

«ሳህንዎ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

«ገና አልተጠመቀም።»

መምሬ ሳቁ። በማግስቱ ግን የተረፈ የጧፍ ቁራጭ በጨርቅ ቋጥረው አመጡ። «በጾም ይኸን ይቀቡት። ሲፈሰክ ወደ ሞራዎ ይመለሱ» አሏቸው። እንዲህ ሰም ወደ ሥራው ገባ። ጋሽ ወንድይፍራው ሰሙን ወደዱትና ሌላም አገልግሎት ሰጡት፦ ሥራው ያለቀለትን ተቀባይ ብሎኖች በሰም ያትሙ ጀመር። «ያልታተመ ካገኘህ አልጨረስኩትም ማለት ነው። ለማንም እንዳትሰጥ» ይሉኝ ነበር።

ሰይድ የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር። ትልቁ ሳህን በአውቶቡስ ጣሪያ አይጫንም፣ ነፋስ ይገለብጠዋል፣ ገዢም ያስፈራል። ተቀባዩ ዝምተኛ ከሆነ ግን ትንሽ ሳህን ይበቃል። «ሳህኑን በሰፌድ ልክ ያድርጉልኝና፣ ከዚህ እስከ አዋሽ ድረስ ያለ ሆቴልና ቪዲዮ ቤት የኔና የእርስዎ ነው» ይላቸው ነበር።

በኅዳር ተሳካ። ከሰፌድ ብዙም በማይበልጥ ሳህን፣ በእትዬ አስካለ ግቢ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ አየ። ጋሽ ወንድይፍራው ቴሌቪዥኑን አላዩም። ሣሩ ላይ የነጣውን ውርጭ ነበር የሚያዩት።

«ደምሴ» አሉኝ፣ «ብርዱ ነው ወይስ እኔ?»

አልገባኝም። አስረዱኝ። ብርድ ማንኛውንም ነገር ዝም ያሰኛል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ተቀባያቸውን በማሽን ያቀዘቅዙ የነበረው ለዚህ ነው። «መንዝ ለኔ በነፃ ያቀዘቅዝልኛል። የሚገዛኝ ግን ቆለኛ ነው» አሉ። ብሎኖቹን ግን አተሙ። አምነውበት ይሁን ወይም እኔንና ሰይድን ላለማሳዘን፣ አላውቅም።

በግንቦት ይዘነው ወረድን። በመግቢያዬ ላይ የዘረዘርኩት ስድስታችን ጣሪያው ላይና ሥሩ የተሰበሰብነው ያን ጊዜ ነው። ቆርቆሮው በጫማ ያቃጥላል። ሳህኑን አቆምን፣ ገመዱን አወረድን። የሱፍ ከታች ጮኸ፦

«መጣ! ኧረ መጣ! ኳስ ነው!»

ምስሉ አልፎ አልፎ እንደ ሰሊጥ የተበተነ ነጭ ነጥብ ነበረበት፤ ግን ይታያል። ሰይድ እጁን አጨበጨበ።

«አላህ ይስጥዎት ጋሼ! እንግዲህ ስንት ይሠሩልኛል?»

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ሳህኑ ዞሩ። መዳፋቸውን ዘርግተው የተቀባዩን አፍ ጋረዱ። ቴስተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ተነሣ?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«የለም ማለት ይቻላል፣ ጋሼ።»

እጃቸውን አንሥተው መልሰው ጋረዱ። መሐል ሜዳ ላይ ተስፈንጥሮ የሚነሣው መርፌ ነቅነቅ ብሎ ቆመ።

«ምስሉ ይታያል አይደል?» አለ ሰይድ።

«ይታያል።»

«ሰዉ ኳሱን ያያል?»

«ያያል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ» አሉት። «ትንሽ ደመና ሲመጣ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሰው የሚሰድበው አንተን ነው።»

«ይስደበኛ! ነጋዴ አይደለሁ? ስድብ ቀለቤ ነው።»

ጌታነህ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት እኔም ሥራ አቅቶኛል። ብረቱን ምን ይታዘቡታል!» አለ። ወይዘሮ ፋጡማ ከታች ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ወንድይፍራው ብሎኖቹን እየነኩ ነበር። ሰሙ ከሙቀቱ የተነሣ ለስልሶ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። የቀረውን በጥፍራቸው ፍቀው አነሡት። ያተሙትን መልሰው ሲፍቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አልሸጥም» አሉ።

ስንመለስ ጣርማበር ላይ ጌታነህን አቁም አሉት። ጉም ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ተቀባዩን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኝተው ወደ ላይ ያዙት፣ መዳፋቸውን ጋረዱ። መርፌው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«እየው» አሉኝ። «ብርዱ ነው።»

ተቀባዩን ይዘው ወደ መኪናው ገቡ።

እትዬ አስካለ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። «ሰውየው እገዛለሁ እያለ አንቱ አልሸጥም የሚሉት ምን ሆነው ነው? በጉን ገበያ አውጥቶ ከስቷል ብሎ የሚመልስ ባለ በግ አይተው ያውቃሉ?»

«በጉ የኔ አይደለም አስካለ። የብርዱ ነው።»

ቆላ እንዳሉ ሆነው እንዲያስተካክሉት፣ ጋሽ ወንድይፍራው ክረምቱን ሙሉ ተቀባዩን ለማሞቅ ሞከሩ። ድንጋይ በእሳት አግለው፣ በባና ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከተቀባዩ ጀርባ ያስሩታል። ባናው እትዬ አስካለ ራሳቸው የፈተሉት የመንዝ ሱፍ ነው። «ለብረቱ ባና፣ ለኛ ብርድ» ይላሉ እያለፉ። ድንጋዩ ግን አንዷ ቅጠል ተላጭታ ሳታልቅ ይቀዘቅዛል። እንደገና ያግሉታል፤ አሁን ደግሞ በጣም ይግላል። «ድንጋዩ ይዋሸኛል» አሉ በመጨረሻ። «የማይቀዘቅዝ ቦታ ሄጄ መሥራት አለብኝ።»

የኛ አገር ሰው ቆላ ይወርዳል፣ ይነግዳል፣ ግን አያድርም። ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ሲና ይደርሳል፤ ካልቻለም ብርድ የሚነካው ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ይህን አባቶቻችን የተማሩት በሞት ነው። በዚያ ላይ ወሩ መስከረም ነበር፤ ዝናቡ አቁሞ ወባው የሚነሣበት። መምሬ ኃይሉ ቤታቸው ድረስ መጥተው ለመኗቸው።

«እስከ ጥር ይታገሡ። አሁን ወርደው ማደር ራስን መግደል ነው።»

«በጥር ቆላውም ይበርዳል መምሬ። እኔ የምፈልገው ሙቀቱን ነው።»

«እሺ፣ ለግንቦት ይቆዩ።»

ጋሽ ወንድይፍራው መዳፋቸውን ተመለከቱ። በዚያ ዓመት ካውያ ሲይዙ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። መምሬ አላዩትም ይሆናል፤ እኔ አይቻለሁ። በዚያ እጅ ቅጠሏን በምላጭ ለመላጨት ግንቦት ሩቅ ነበር።

አብሬ ልሂድ ብዬ ነበር። «አንዱ ተቀባይ አንተ ጋ ይቅር። አለዚያ የኔን ከምን ጋር አወዳድራለሁ?» አሉኝ። እኔም በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ያንን እለካ ነበር። ሰይድ ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጣቸው፤ የሱፍም ቴስተሩን ይዞላቸው ጣሪያ ላይ ይወጣ ነበር። ወሬ የሚያመጣልኝ ጌታነህ ነው።

«ምን አሉ?»

«‹ገና ነው በለው› አሉኝ።»

በሚቀጥለውም ገና ነው። በሚቀጥለውም። ከዚያ አንድ ቀን «‹ቀርቧል በለው› አሉ። ፊታቸው ግን ቢጫ ሆኗል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሲመጣ ምን አሉ ስለው፣ «ምንም አላሉኝም፣ ተኝተው ነበር» አለ። ልወርድ እየተዘጋጀሁ ሳለ እሳቸው መጡ፤ ቀደም ብዬ እንደጻፍኩት፣ በአይሱዙው።

ሰይድ ተቀባዩን በዚያው ባና ጠቅልሎ አምጥቶት ነበር። ከሠልስት በኋላ እትዬ አስካለ ጠሩኝ። ባናውን ሳይፈቱ ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል።

«ሂድና ለካልኝ» አሉኝ።

«አሁን እዚሁ ግቢ እለካዋለሁ፣ እትዬ።»

«እዚህማ የሚመልስልህ ብርዱ ነው። ቆላ ወርደህ ለካው። ለምን እንደሞቱ ልወቅ።»

ወረድኩ። ሰይድ መሰላሉን ያዘልኝ። የሱፍ አልነበረም፤ ከጅቡቲ የጭነት መኪና ጋር በረዳትነት ሄዷል፣ አድራሻ አልተወም። እኩለ ቀን ሆኗል፤ ቆርቆሮው እንደ ግንቦቱ ቀን ያቃጥላል። ተቀባዩን ቦታው ሰቀልኩ፣ ቴስተሩን አገናኘሁ። መርፌው ወረደ። መዳፌን ዘርግቼ አፉን ጋረድኩት።

መርፌው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

እጄን አነሣሁ፤ ወረደ። መልሼ ጋረድኩ፤ ተነሣ። መሐል ሜዳ ላይ በውርጭ እንደሚነሣው ነው የተነሣው።

«እህ?» አለ ሰይድ ከታች።

«እሳቸው ናቸው» አልኩት።

ከዚያ ታትመው እንደሆነ ብሎኖቹን አየሁ። ሰም ነበረባቸው። ግን ሰሙ በፀሐዩ ቀልጦ ክዳኑን ይዞ ወርዶ፣ ጠርዙ ላይ ተጠራቅሞ ደርቋል። ውሃ እንዳይይዝ ክዳኑ ላይ የተቀባው ሰም ነው ወደ ብሎኖቹ የፈሰሰው? ወይስ ብሎኖቹ ላይ የታተመው ነው ወደ ክዳኑ የፈሰሰው? አገላብጬ አየሁት። መለየት አይቻልም። መንዝ ቢሆን ሰሙ እንደተቀመጠ ይቆይ ነበር።

ወይዘሮ ፋጡማን ጠየቅኋቸው። ጋሽ ወንድይፍራውን ያስታመሟቸው እሳቸው ናቸው።

«ትኩሳቱ ሲጠናባቸው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይይዙ ነበር» አሉኝ። «ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ አሚን እላቸው ነበር።»

«ስለ ሥራው ምን አሉ?»

«ለእኔ አልነገሩኝም። የመጨረሻ ቀን ደግፎ ጣሪያ ያወጣቸው የሱፍ ነው። ‹እባክዎ ይተኙ› ብዬ ነበር፣ አልሰሙኝም። ሲወርዱ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። ስመለስ ተኝተዋል።»

ወደ መሐል ሜዳ ተመልሼ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ተቀምጠው ሱፍ ይፈትሉ ነበር።

«እሳቸው ናቸው፣ ብርዱ አይደለም» አልኳቸው።

እንዝርቱን አላቆሙም። «ሳይሞቱ አወቁ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

የቀረውን ያየው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ያላየሁትን መጻፍ አልችልም። ጌታነህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ተቀባዩ ጣሪያው ላይ ነበር ወይስ ክፍላቸው ውስጥ? ሰይድ፣ ስታወርደው ሰሙን ልብ ብለኸዋል? የሱፍ፣ ይህ ጽሑፍ በመንገድ ላይ ከደረሰህ፣ ያን ቀን ጣሪያ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር? መርፌውን ያነበብክላቸው አንተ ከሆንክ፣ ተነሣ ብለሃቸዋል?

መልሱን ከመሐል ሜዳ ለሚመጣ ማንኛውም ሾፌር ንገሩት። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ናቸው።